ተያዥ የማይጠይቀው ካርድ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቀን ስለሆነ አይደለም፤ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን መተኛት ይለምዳል፣ እኔም ዊኒፔግ ከገባሁ ጀምሮ የሆስፒታል ኮሪደር ስወለውል እያደርኩ ጠዋት ጥቁሩን መጋረጃ ስቤ እንደ ሬሳ ነው የምተኛው። ዛሬ ግን ሦስቱ ወረቀቶች አልጋው ላይ ከጎኔ ተጋድመዋል፣ ባል ይመስል፣ በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻሉ። ሦስት ዓይነት ክሬዲት ካርድ፣ አንዱን ምረጪ ነው የተባልኩት። አሥር ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለኝ፣ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ፣ አሁንም የፈረንጁን ሰዓት በልቤ ካልቀነስኩ አይገባኝም። የመጀመሪያው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ ወለዱ ግን ያስደነግጣል። ሁለተኛው ዕቃ በገዛሽ ቁጥር የአውሮፕላን ነጥብ ይጠራቀምልሻል ይላል፣ ነጥቡ ሲሞላ አገር ቤት ደርሶ መልስ። አገር ቤት ደርሼ አሰላ ላይ በየትኛው መንገድ ልሄድ ነው? እዚያች ከተማ አንድ በር አለ፣ በዚያ በር ፊት ለፊት ማለፍ የማልችል። ሦስተኛው ራስሽ ሁለት ሺህ ዶላር አስይዢና ያንኑ ሁለት ሺህ ተበደሪ የሚል ነው፣ መጀመሪያ ሳነበው ያላገጡብኝ መስሎኝ ነበር። የራሴን ገንዘብ ለራሴ! ግን ለሥራው ነው፣ ለድርጅቱ፤ ድርጅት አለኝ እኮ፣ «ጭላሎ ጽዳት» ብዬ አስመዝግቤዋለሁ፣ ከአሰላ ቀና ሲሉ በሚታየው ተራራ ስም፣ ሠራተኛውም ሥራ አስኪያጁም እኔው ነኝ። ባለ ሦስት ፎቅ የዓይን ክሊኒክ ከመጪው ወር ጀምሮ ጽዳቱን ውሰጂ ብሎኛል፣ የወለል ማጠቢያ ማሽን ካለሽ ብሎ። ማሽኑ ብቻውን ስድስት ሺህ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ካርድ አያደርሰኝም። ሁለቱ ያደርሱኛል፣ እስከ አሥራ አምስት ሺህ ይፈቅዳሉ፣ ግን ሰው ይፈርምልኝ። ያንን ሰው ደግሞ ራሴ ነኝ ጎትቼ የወሰድኩላቸው።

እስቲ አሁን ይኼ የማን ጥፋት ነው ይባላል? ባለፈው ማክሰኞ ወደ ብድር ቢሮው መጀመሪያ ስሄድ ማንም ሳይጠይቀኝ ሰኢድን ይዤ ሄድኩ። ሰኢድ የዴራ ልጅ ነው፣ እዚህ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ ከአርሲ የመጣን እኔና አንቺ ብቻ ነን ብሎ ስለሚያምን እህቴ ነው የሚለኝ። «የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትህን፣ መታወቂያህንና ሦስት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና» አልኩት፣ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፣ አውቆታላ! ገንዘብ የሚነካ ወረቀት ያለ ተያዥ ሲፈረም አገራችን ማን አይቶ ያውቃል? ጉርድ ፎቶዎቹን የብድር ቢሮዋ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ደረደርንላት። ልጅቷ ፎቶዎቹን አየች፣ ሰኢድን አየች፣ እኔን አየች። «ባለቤትሽ ነው?» «አይደለም።» «የድርጅትሽ ሸሪክ ነው?» «አይደለም።» «ታዲያ ማነው?» ተያዥን በእንግሊዝኛ ምን ልበላት? እኔ ብጠፋ እሱን ነው የምትይዙት አልኳት። ፈገግታዋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቅንሽም፣ አለች፣ እዚህ አገር ለሰው የሚመሰክርለት ቁጥር ነው፣ የመክፈል ታሪክሽ ተጠንቶ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ያንቺ ቁጥር አይከፋም። ከዚያ ኮምፒዩተሯን ስትነካካ ቆየችና፣ ግን፣ አለች፣ የሚፈርምልሽ ሰው ካለ የብድርሽ ጣሪያ ከፍ ይላል፣ ሰውዬው ገቢውም ጥሩ ነው፣ ቤትም አለው። ሰኢድ እንዴት ደስ እንዳለው! «አየሽ፣ እኔን ባትወስጂ ኖሮ በሁለት ሺህ ሊሸኙሽ ነበር» እያለ እስከ ማቆሚያው ድረስ ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። ፎቶውን ያስደረደርኩት በልማድ ነበር፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማ እንደሚያወልቀው። ነገሩ እውነት ሲሆን ነው ጋሼ ወልደጻድቅ መጥተው ፊቴ ላይ የቆሙት።

ጋሼ ወልደጻድቅ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። አባቴ ገብረ መድህን ይሠራ የነበረው ብቅል ፋብሪካ ነው፣ እሳቸው ጂኦግራፊ ያስተምራሉ፣ አባቴ የተቀበረ ቀን እኔንና እህቴን ሶፊን ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙት እሳቸው ናቸው። ሳጉሬ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስቀጠር ተያዥ አምጪ ተባልኩ፣ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዙ ይህን ያህል የሆነ፣ አንቺ ብታጎድዪ እሱ የሚከፍል። አጎቶቼ ጋ ሄድኩ። አንዱ ታመመ፣ አንዱ ስልኩን አጠፋ፤ ተያዥ ሁነኝ ሲባል ሰው ሁሉ ዘመድነቱ ይጠፋበታል፣ አልፈርድባቸውም። ጋሼን የጠየቅኳቸው በራቸው ላይ ቆሜ መሬት መሬት እያየሁ ነው። «መቼ ነው የሚፈለገው?» ብቻ ነው ያሉኝ። በማግስቱ ጠዋት የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከአሰላ ሚኒባስ ተሳፈርን፣ ታሪፉን ልክፈል ብል «አንቺ ገና ደመወዝ አልበላሽም» ብለው ተቆጡኝ። ቢሮ ስንደርስ መነጽራቸውን ረስተውታል። ጸሐፊው ቅጹን ላንብብልዎ ሲላቸው «አይ ግድ የለም፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?» ይላሉ፤ አሁንም ይላሉ፣ እዚህ ተጋድሜ ጣታቸው መስመሩን ሲፈልግ አየዋለሁ፣ ጋሼ ኧረ ያስነብቡት ልላቸው አፌን እከፍታለሁ፣ ይፈርማሉ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እንዳያመልጣቸው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ።

አልሰረቅኩም። ይህን ለራሴ ስንት ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ። ሳጉሬ ገበሬው ገብሱ ሳይመዘን በፊት ገንዘብ ይቸግረዋል፣ ልጅ ይታመምበታል፣ ለቅሶ ይደርስበታል፣ በገበያ ቀን መጥቶ መስኮቴ ላይ ይቆምና «ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ገብሱን ሐሙስ አመጣዋለሁ» ይላል፣ እኔም ከካዝናው አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ስሙንና ብሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስፈርሜ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ፣ እህሉ ሲገባ አወራርደዋለሁ። ደንቡ አይፈቅድም፣ አውቃለሁ፣ ግን የሚያለቅስ ሰው መስኮትሽ ላይ ቆሞ ደንብ ትጠቅሺለታለሽ? እንዲህ ስሠራ አራት ዓመት አንድ ብር ጎድሎብኝ አያውቅም። ከዚያ የአሥራ አምስት ቀን ሥልጠና ተብሎ የካናዳ ቪዛ መጣ። ለአሥራ አምስት ቀን ርክክብ ምን ያደርጋል ብዬ ቁልፉን ለረዳቴ ሰጥቼ ሄድኩ፣ እና ቀረሁ። ስሄድ ለመቅረት አስቤ ነበር? አስቤ ነበር። መሳቢያው ውስጥ ስላሉት ወረቀቶች ግን አላሰብኩም፣ ስለ ጋሼም አላሰብኩም። ወይ እኔ! አሁን ደግሞ ለማን ነው የምዋሸው? አስቤያለሁ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁለቱም መጡብኝ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ተኛሁ። ኦዲተር ገባ፣ ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም ተባለ፣ ከገበሬው ግማሹ መልሻለሁ አለ፣ ግማሹ አላውቅም አለ፣ እኔ ደግሞ ቆሜ የማስረዳ የለሁም። አርባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር ጎደለ። ያዡ ሲጠፋ ተያዡ ይጠየቃል፣ ሕጉ ይኸው ነው።

የነገረችኝ ሶፊ ናት፣ በስልክ፣ የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ፣ ውጭው ነጭ ሆኖ እኔ በማላውቃቸው ሰዎች ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጬ። «ዘሚ፣ ጋሼ ወልደጻድቅ ከደመወዛቸው ሲሶው ይቆረጥ ጀመር» አለችኝ። «እስከ መቼ?» «እስኪያልቅ ነዋ!» አራት ዓመት ከሁለት ወር። ሶፊ በየጊዜው ያልጠየቅኳትን ትነግረኛለች፤ ጋሼ የማታ ተማሪዎች ማስተማር ጀመሩ፣ ጋሼ ባጃጅ ትተው በእግራቸው ነው የሚሄዱት፣ ባለቤታቸው እትዬ አፀደ የተቆረጠውን ያወቁት የወሩ ደመወዝ ጎድሎ ሲመጣ ነው፣ ለካ ባልየው ለሚስቱ ሳይነግር ነው የፈረመልሽ፣ አሁን ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞሩብኛል። እኔ እሺ እላለሁ። እደውላለሁ፣ በፋሲካ እደውልላቸዋለሁ። ፋሲካው ያልፋል፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ቁጥሩን መትቼ መትቼ መጨረሻው ላይ አጠፋዋለሁ። ወረቀቴ ተስተካክሎ ደህና ገንዘብ ሳጠራቅም ሙሉውን ከነጭማሪው ለሶፊ ላክሁ፣ ለጋሼ አድርሺልኝ ብዬ። በማግስቱ ደወለች። አልተቀበሉም። «ምን አሉ?» እላታለሁ፣ ወሬ ትቀይራለች፣ «ምን አሉሽ ሶፊ?» «የዕዳው ከሆነ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ስጦታ ከሆነ ደግሞ ራሷ ደውላ ትንገረኝ፣ አሉ።» ይኼ አምስት ዓመቱ ነው። ቢረግሙኝ እችለው ነበር። ደውላ ትንገረኝ! ዓይኔን በጨው አጥቤ ምን ብዬ? ገንዘብ መላክ አላቃተኝም፣ ሃሎ ማለት ነው ያቃተኝ።

ወረቀቱን እንደገና አነሳዋለሁ። ተበዳሪዋ ባትከፍል ፈራሚው ሙሉውን ይከፍላል የሚለው በእንግሊዝኛ ስድስት መስመር ፈጅቷል፣ ነገሩ ግን ያው የሳጉሬው ቅጽ ነው። ትናንት ፎቶ አንስቼ ለሰኢድ ላክሁለት። «አነበብከው?» «አንብቤ ምን ላደርግ? ወረቀቱን ሳይሆን አንቺን ነው የማውቀው።» «ሥራው ባይሳካስ?» «ይሳካል ኢንሻ አላህ። ብቻ በየወሩ ቀኑ ሳይደርስ ክፈዪ፣ ወለድ ውስጥ እንዳትከቺኝ፣ እኔ ሐራም አልነካም» አለና ሳቀ። ከኋላው የሚስቱ የፈይሩዛ ድምፅ ይሰማል፣ «ዘመናይ ናት? ቅዳሜ ትምጣ በላት፣ ልጆቹ ጠይቀዋታል።» ሊፈርምልኝ መሆኑን አታውቅም። አነጋገሯ የሚያውቅ ሰው አነጋገር አይደለም። ሦስት ልጅ አላቸው፣ ቤቱ ገና ሃያ ዓመት ይከፈልበታል፣ ምኑን ነው የሚያስይዝልኝ? አሁን የት እጠፋለሁ ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፣ አርባ ዓመት ሞልቶኛል፣ የምሸሽበት ሌላ አገርም የለኝም። ግን ያኔም አልጠፋም ነበር ያልኩት፣ ለጋሼ በአፌ ነው ያልኳቸው። ማሽኑ ቢሰበር፣ ወገቤ ቢይዘኝ፣ ክሊኒኩ በሦስተኛው ወር በቃሽ ቢለኝ፣ መክሰሩን አልፈራም፣ ከስሬም ኖሬ አውቃለሁ። የምፈራው ከዚያ በኋላ ነው፣ የሰኢድን ስልክ ማንሳት መተዌን ነው። ራሴን አውቃታለሁ። ሰው ስበድል የበደልኩትን ሰው ነው የምሸሸው።

ደወልኩለት። ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ምሳ ሰዓቱ ላይ ነው ያገኘሁት።

«ሰኢድ፣ ዛሬ አትምጣ።»

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። የራሴን አስይዤ የምወስደውን ካርድ መርጫለሁ።»

«ሁለት ሺውን? ማሽኑስ? ክሊኒኩስ?»

«ለሌላ ይሰጡታል።»

«አብደሻል! እኔ ለአንቺ ካልፈረምኩ ለማን ልፈርም ነው?»

«ለማንም!» አልኩት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም፣ «ለፈይሩዛ ሳትነግር ለማንም እንዳትፈርም! ሰምተሃል?»

ተቀይሟል፣ ሰው ወንድሜ ብሎ የሚሰጠውን ስትመልሺበት እንዴት አይቀየም። «እሺ፣ አንቺ እንዳልሽ» አለና ዘጋው። ክሊኒኩ ሄደ። ስድስት ወር ሙሉ ሥራ አስኪያጁን ስለማመጥ፣ መስኮቶቹን ስቆጥር፣ የትኛውን ፎቅ በስንት ሰዓት እንደምጨርሰው ሳሰላ የከረምኩበት ክሊኒክ። በሁለት ሺህ ምን ይገዛል? ባልዲ፣ መወልወያ፣ አንድ ደህና አቧራ መጥረጊያ፤ የሚጸዳውም ሁለት ክፍል ያላት የጠበቃ ቢሮ ነው። ከዚያ እጀምራለሁ። የሆስፒታሉንም ሌሊት አልለቅም ማለት ነው፣ ሌላ ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን በንዴቱ ውስጥ እጄ ስልኩን አልለቀቀም። አሰላ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ራት ተበልቷል፣ አልተኙም። ቁጥሩን መታሁ፣ እስከ መጨረሻው መታሁት፣ ይጠራል።

«ሃሎ፣ ማን ልበል?» የሴት ድምፅ ነው። እትዬ አፀደ።

«ዘመናይ ነኝ፣ እትዬ።»

«የቷ ዘመናይ?»

«የገብረ መድህን ልጅ።»

እስትንፋሳቸው ይሰማኛል። ይዘጉብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብለው «ያቺ ልጅ ናት፣ እንካ» ሲሉ ሰማሁ፣ ወንበር ተንቀሳቀሰ፣ ሳል ተሰማ።

«ዘመናይ!» አሉ ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደሚጠሩት። «ደህና ነሽ ልጄ? ዊኒፔግ ነሽ አሉ፣ ካርታ ላይ አይቼዋለሁ፣ ከባሕር የራቀ ነው፣ እንደዚያ ያለ ቦታ ብርዱ ይከፋል። ልብስ አለሽ?»

አለኝ ጋሼ አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳዘጋጀው የኖርኩት፣ መሳቢያው፣ ቁራጭ ወረቀቱ፣ አልሰረቅኩም የሚለው፣ አንዱም አልመጣልኝ። «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ ነው የወጣኝ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ፣ ትቼዎት ሄድኩ።»

«እሱ እኮ አልቋል» አሉ። «ግንቦት ላይ ነው ያለቀው፣ በሁለት ሺህ አሥራ አንድ። ያለቀ ነገር ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሁን ምን ቸገረሽ? ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሰው እንዲያው አይደውልም። ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ካርዱን፣ ክሊኒኩን፣ ሰኢድን ይዤ መሄዴን፣ ጉርድ ፎቶውን፣ አሁን አትምጣ እንዳልኩት።

«እዚያም አገር ተያዥ ይጠይቃሉ?» አሉ ተገርመው።

«አይጠይቁም ነበር፣ ጋሼ። እኔ ነኝ የወሰድኩላቸው።»

ጋሼ አልሳቁም። ሲያስቡ ይሰማኛል፣ በእውነት ያስባሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያሳፈራቸው ነገር ያለ ይመስል፣ «እኔ እንግዲህ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉ። «የጡረተኛ ፊርማ ደግሞ አይቀበሉም። ባይሆን ኖሮ እኔው እፈርምልሽ ነበር።»

«ጋሼ!» ጮኽኩ። «በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እምቢ ይበሉኝ! አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ ይበሉኝ!»

«ምን ብዬ ልጄ?» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው።

ስልኩ ተነጠቀ። «እኔ ልንገርሽ» አሉ እትዬ አፀደ። «አይፈርምም። ሰምተሻል? አራት ዓመት ከሁለት ወር ያንን ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ሁለተኛ አይፈርምልሽም።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። እንባዬ አሁን መጣ፣ ደረቴ ቀለለኝ፣ እንዲህ የሚለኝ ሰው ነበር የጠፋኝ። «እሺ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱን ገና አላውቅም» አሉ። ተነፈሱ። «ለእሱ የፈለግሽውን ተናገሪ፣ እሱ ሁሉንም ይምራል። ከእንግዲህ ግን ስትደውዪ በእኔ ስልክ ነው የምትደውዪው። ቁጥሬን ጻፊ።»

እስክሪብቶ ፈልጌ አገኘሁ፣ ቁጥሩን ቀስ ብለው ጠሩልኝ፣ ጻፍኩ።

«ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ» አሉ፣ አነበብኩላቸው።